የማውሷ ኳስ

እስክሪብቶዎቼን በማስቀምጥበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አንዲት ግራጫ ኳስ አለች። ከብይ ትበልጣለች፣ ከእንቁላል ታንሳለች። ስትይዣት ግን ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች፤ ውስጧ ብረት፣ ላይዋ ላስቲክ ነው። መዳፍ ውስጥ ሞቅ ስትል የአሮጌ ጎማ ሽታ ታወጣለች። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ትንሽ አያታለሁ፣ እመልሳታለሁ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዛሬ እንድናገር ያደረገኝ ትናንት በማስተምርበት ኮምፒውተር ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። የዚህ ሲስተም ድጋፍ አብቅቷል ይላል። ከተማሪዎቼ አንዷ ደንግጣ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «ቲቸር፣ ሊሞት ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይሞትም፤ ጠያቂ አጣ ማለት ነው» አልኳት። ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያስታወስኩት፤ ቀኑን ሙሉም ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ያኔ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ እዚሁ ሶዶ ከሰፈራችን ጸሎት ቤት ጓሮ አንድ የንባብ ክፍል ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ሁለት። በአንደኛው ዳሞታ ይታያል፤ ማለዳ ከሆነ ግን ተራራው የለም፣ ጉሙ ብቻ ነው። እኔ ወለሉን አጥብ፣ መጻሕፍቱን አቧራ አራግፍ ነበር። በፊደል ተራ ደርድሪያቸው ያለኝ ሰው የለም፤ ተደበላልቀው ማየት ስለማልችል ደረደርኳቸው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ተበላ አካባቢ ነው፣ እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስም እጄ የሚያውቀው ጀሪካንና ዶማ ብቻ ነበር። አሥረኛ ክፍል ስፈተን ሃያ ሦስት ሞልቶኝ ነበር። አብረውኝ የተፈተኑት ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ።

ክፍሉን የያዙት የታይፕ መምህሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው የራሳቸው የታይፕ ትምህርት ቤት ነበራቸው። የጽሕፈት መኪናዎቹ ፈላጊ ሲያጡ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው አረፉ። የቀራቸው ይህ ክፍልና በውስጡ የነበረው አንድ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ የመጣ፣ በፊት ነጭ የነበረ፣ እኔ ስደርስበት እንደ በሰለ ሙዝ ቢጫ የሆነ ነበር። ጀርባው ትልቅ የሆነው ስክሪን ሲበራ ድንግ ይላል፤ በጨርቅ ስወለውለው የክንዴን ፀጉር ይስባል። ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ እኔም ሽታውን እወደው ነበር። ማታ ላይ መምህሩ ባለቤታቸው የሠሩትን ዳንቴል ያለብሱታል፤ ጠዋት አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያስገቡታል።

አንድ የማይፈርስ ሕግ ነበራቸው። ማንም ተማሪ ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን የካርታ ጨዋታ አንድ ዙር መጨረስ አለበት። ካርታዎቹ በሰባት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ቀዩን ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩን ቀዩ ላይ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ እየጎተትሽ ታሰልፊያለሽ። መሀል መንገድ ላይ ጣትሽ ከላላ ካርታው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁሉም በየቦታው ከገባ ደግሞ ካርታዎቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ፣ እየነጠሩ፣ ስክሪኑን ሙሉ ይወርዳሉ። «እጅ ሳይገራ ፊደል አይነካም» ይሉ ነበር መምህሩ።

ሌላው ነገራቸው እጃቸው ነው። ከተማሪው ጀርባ ይቆማሉ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፣ የተማሪ ማውስ ግን አይነኩም። ሌላ ቦታ የተማሩት ልጆች ሲያወሩ፣ አስተማሪው ማውሱን ይነጥቅሻል፣ «እንዲህ ነው» ብሎ ጠቅ ጠቅ ያደርግና ይመልስልሻል፤ ያየሽው ነገር የለም። እኚህ ግን በቃል ብቻ ነበር። «በስተቀኝ፣ ሁለት ጣት ያህል። አለፍሽ። ተመለሺ። አሁን ያዢ፣ አትልቀቂ፣ ጎትቺ።» ከእሳቸው በፊት ማንም እንደዚያ ልክ በሆነ ቃል አናግሮኝ አያውቅም። የመጀመሪያ ቀን ማውሷን ጨምድጄ ስይዛት ጎንበስ ብለው አዩኝና «እሜቴ፣ አይጥ ናት እንጂ ዶማ አይደለችም፤ ብታንቂያት ምን ታደርግልሻለች?» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካርታዎቹ ለእኔም ዘለሉልኝ። ዞር ብዬ ሳያቸው የእጃቸው ነገር ሳይሆን የፊታቸው ብርሃን ነው የታየኝ።

ካርታ በጸሎት ቤት ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ መዋል እንደማያስኬድ መቼም ታውቂያለሽ። መምህሩ ነገሩን ለማለዘብ «ልምምድ» ብለው ሰየሙት። ንጉሡን «ሽማግሌው»፣ ንግሥቷን «ሴትዮዋ»፣ ጃኩን «ጎረምሳው» ይሉታል። ያም ሆኖ ወሬው የጸሎት ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ደረሰ። ሰብሳቢው ከዘራ ከእጃቸው የማይለይ፣ የማይስቁ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ሳያንኳኩ ገቡ።

«መምህር፣ ይኼ ካርታ ነው አሉኝ።»

«ካርታ ነው ጋሼ።»

«በእግዚአብሔር ቤት ግቢ?»

«ካርታው አለ፣ ቁማሩ የለም። ይቀመጡና ራስዎ ይፍረዱት።»

ሽማግሌው ሊፈርዱ ተቀመጡ። ማውሷን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው እንደ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አነጣጠሩባት። መምህሩ አልሳቁም። «ጋሼ፣ መሬት ያስይዟት፤ ይቺ አትበርም» አሉ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲነሱ «ለእጅ ጥሩ ነው» አሉና ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ከዘራቸውን መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አስደግፈው፣ «ልምምዴን ልሥራ» ይላሉ። ጨዋታው ሲጠምምባቸው «መምህር፣ ሽማግሌው ከታች ተቀብሯል፤ ምን ይሻላል?» ብለው ይጨነቃሉ። «ይታገሱ፤ ሽማግሌ የሚንቀሳቀሰው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው» ይሏቸዋል መምህሩ። ሰብሳቢው «ሎኦ፣ ሎኦ» ይላሉ በወላይትኛ፤ ጥሩ፣ ጥሩ።

የበልግ ዝናብ እንደጀመረ ኮምፒውተሩን ሊያይ አንድ ወጣት ባለሙያ መጣ። ስልኩ በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጫማው ጭቃ ነው። ሣጥኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ የሚሠራበት ሲስተም፣ ኤክስፒ፣ በቃ ሞተ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ድጋፍ አይሰጡትም። ቫይረስ ቢገባበት ማንም አይጠይቀውም። አዲሱን እንዳልጭንበት ደግሞ አቅም የለውም።»

«ጠያቂ ያጣ ሁሉ ሞተ ይባላል እንዴ?» አሉ መምህሩ።

ወጣቱ ሳቀ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ኮሚቴው ግን የሰማው «ሞተ» የሚለውን ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ተወሰነ። ያመጣውም ያው ወጣት ስለሆነ፣ «ታዲያ ማስተማሩንስ ለምን እሱ አይዘውም?» የሚል ሰው ከኮሚቴው ተነሳ። ሰብሳቢው መሀል ገቡ። በሚቀጥለው ሐሙስ መምህሩ አዲሱን ማሽን ለኮሚቴው ያሳዩ፣ ከቻሉ ክፍሉ የእሳቸው ነው፣ ካልቻሉ ለወጣቱ ይሰጣል። መምህሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «መልካም» አሉ። እኔ አልፈራሁም። እኚህ ሰው የማይችሉት ነገር አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሐሙስ አምስት ቀን በፊት ማለዳ ባልዲ ይዤ ስመጣ በሩ ገርበብ ብሏል። መምህሩ ብቻቸውን ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል። በመስኮቱ አየኋቸው። ቀይ ዘጠኝ ይዘው ወደ ጥቁር አሥር ይጎትታሉ፤ መሀል ላይ ካርታው ያመልጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። እንደገና ያዙት፣ እንደገና ተመለሰ። በአራተኛው በግራ እጃቸው የቀኝ አንጓቸውን ጨብጠው ያዙ። እጃቸው ግን እንደዚያም ተይዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጠረጴዛው መስታወት ላይ የጋብቻ ቀለበታቸው ቲክ ቲክ ቲክ ሲል እስከ ውጭ ተሰማኝ።

ወደ አጥሩ በር ተመለስኩ። ባልዲውን ሆን ብዬ ከድንጋይ ጋር እያጋጨሁ፣ እየሳልኩ፣ እንደ አዲስ መጣሁ። ስገባ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። «ሳሮ» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው። እኔም ሰላምታውን መለስኩ። ወለሉን ሳጥብ ግን ዓይኔ ከወለሉ አልተነሳም፤ ሐሙስ ቀን ያቺ እጅ ሰው ፊት ልትወጣ ነው።

ረፋዱን ሙሉ ሳስብ ቆይቼ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሥራ ሠራሁ። የማውሷን ፍጥነት የምትቀንሽበት ቦታ እንዳለ አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። ገባሁና ወደ መጨረሻው ዝቅ አደረግኩት። ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። በማግስቱ መምህሩ አንዴ ሞከሯትና ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«አይጧን ማን አደነዘዛት?»

ጨርቄን ባልዲው ውስጥ ጨመቅኩ።

«አየሽኝ ማለት ነው።»

«አየሁ ጋሼ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ፍጥነቷን መልሺው።»

«ለሐሙስ ይሻልዎታል ብዬ እኮ ነው። አዲሱም ላይ እንዲሁ አድርጌ—»

«ለእኔ ብለሽ ካዘገየሻት ተማሪውን ትዋሸዋለች» አሉኝ። «መልሺው።»

መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ እጃቸው አላነሳንም። እኔ ግን እስከ ሐሙስ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይደለም።

ሐሙስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። የኮሚቴው ሰዎች እርጥብ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ ዘቅዝቀው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አዲሱ ኮምፒውተር ጥቁርና ቀጭን ነው፤ የሚሸተው ፕላስቲክና ካርቶን ብቻ። አሮጌው ዳንቴሉን ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ወጣቱ አዲሱን አበራው። ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች ስክሪኑን ሞሉት።

«ልምምዱ የታለ?» አሉ ሰብሳቢው ወዲያው።

«የቱ ልምምድ ጋሼ?»

«ሽማግሌው፣ ሴትዮዋ፣ ጎረምሳው።»

ወጣቱ ግራ ገባው፤ ቆይቶ ገባው። «እሱ በዚህኛው የለም። ከፈለጉ ከኢንተርኔት ይወርዳል።»

«ኢንተርኔት የለንም።»

«እንግዲያው የለም ጋሼ።»

ሰብሳቢው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ገንዘቡን በመፍቀዳቸው የተጸጸቱ ይመስሉ ነበር። «እሺ፣ መምህር፣ ያሳዩን» አሉ።

መምህሩ ከወንበሩ ጀርባ ቆሙና እንድቀመጥ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «ይህን ማሽን እኔ አላውቀውም። እሷም አታውቀውም» አሉ ለኮሚቴው። «የማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚማር እዩ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይታይሻል?»

«ሣጥኖች። ብዙ ናቸው። የምናውቀው የለም።»

«የምናውቀው የለም? ወደ ታች እይ።»

ወደ ታች አየሁ። ኪቦርዱ ነበር።

«እሱ የድሮው ነው» አሉ። «አይጧን ተያት። ጣቶችሽን ቤታቸው አስቀምጪ። የምትፈልጊውን ፕሮግራም ስም ጻፊ።»

«የት ላይ ነው የምጽፈው? የጽሑፍ ቦታ የለውም እኮ።»

«ጻፊ አልኩሽ።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት መታሁ። ሣጥኖቹ ገለል አሉ፤ የጻፍኩት በጎን በኩል ብቅ አለ፣ ከሥሩም የምፈልገው ስም ተደርድሮ መጣ። ኢንተር መታሁ። ነጭ ገጽ ተከፈተ። ወጣቱ ከግድግዳው ተላቅቆ ቀረበ። «ይህን እኔም አላውቅም ነበር» አለ፤ ለራሱ እንደማለት። መምህሩም አያውቁም ነበር፤ የተማመኑት በፊደል ብቻ ነው። ከዚያ የደብዳቤ አርእስት አስጻፉኝ፣ አስምሪ አሉኝ፣ አስቀምጪ አሉኝ። «አለፍሽ። ተመለሺ። አሁን።» ከዝናቡ ድምፅ ሌላ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅና የጣቶቼ ኳኳታ ነበር። ሰብሳቢው «ሎኦ» ሲሉ ሰማሁ። በቃ አለፈ አልኩ በልቤ።

«ግሩም ነው» አለ ወጣቱ። ተንኮል አልነበረበትም፤ በእውነት ደስ ብሎት ነው። «አሁን ደግሞ ራስዎ ይያዙት እስቲ ጋሼ፣ ለምን አይነኩትም?»

ከወንበሬ ልነሳ ወይስ ልቀመጥ አላወቅኩም። አፌ ላይ የመጣውን ውሸት ልናገር ስል የመምህሩ ቀኝ እጅ በትከሻዬ በኩል አልፎ ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከጀርባቸው ወጥቶ ሰው ፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ቀለበቱ መስታወቱን መታ፤ ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ። አልደበቁትም። ሁሉም አይቶ እስኪጠግብ ተዉት።

«ይህቺ እጅ ማውስ መያዝ ካቆመች አራት ዓመቷ ነው» አሉ። «በአራት ዓመት ውስጥ ከዚህ ክፍል የወጣ ተማሪ ሁሉ በቃል የተማረ ነው።»

ሰብሳቢው ቀና አሉ። «እኔንም?»

«እርስዎንም ጋሼ።»

«ንቀት ነበር የመሰለኝ» አሉ ሰብሳቢው ቀስ ብለው። «ሳልችል ሲቀር እጅዎን አለማበደርዎ።» ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ የመምህሩን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት። መስታወቱ ዝም አለ። «ክፍሉ የመምህር ነው» አሉ ወደ ሌሎቹ ሳይዞሩ።

«አይሆንም» አሉ መምህሩ። «አንድ ቀን ድምፄም ይከተላታል። እሷ ታስተምር። እኔ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከአሮጌው ጋር።»

እኔን ነው። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወጣቱ ማሽኖቹ ሲበላሹ ሊጠግንልን ቃል ገባ፣ ቃሉንም ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ከሕይወቴ ሁሉ የምመርጣቸው ናቸው። እኔ በአዲሱ አስተምራለሁ፤ መምህሩ ጥግ ላይ ያዳምጣሉ፤ ቃሌ ልክ ካልሆነ ይስላሉ። ተማሪ ሲወጣ ዳንቴሉን ገልጠን አሮጌውን እናበራለን፣ ድንግ ይላል፣ ያ የአቧራ ሽታ ይመጣል። ሰብሳቢው በራሳቸው እጅ ይጫወታሉ። የመምህሩ ተራ ሲደርስ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጃቸው እሆናለሁ። ሲያሸንፉ ካርታዎቹ መዝለል ይጀምራሉ፤ አንድ ቁልፍ ከነካሽ ይቆማሉ። «አትንኪያቸው፣ ይጨርሱ» ይላሉ። የመጨረሻዋ ካርታ ነጥራ እስክትጠፋ ሦስታችንም ዝም ብለን እናያለን። ጠያቂ ያጣ የተባለው ኮምፒውተር በቀን ሦስት ጠያቂ ነበረው።

ማውሷን በየሳምንቱ ከፍቼ ከውስጧ ያለውን ክር በመርፌ አወጣ ነበር። አንድ ቀን ከሥሯ የምትንከባለለውን ኳሷን ስጠርግ መምህሩ «አምጪያት» አሉኝ። ሰጠኋቸው። አልያዟትም፤ መዳፋቸው ላይ ብቻ አሳረፏት። ተንከባልላ ወደቀችና ከመደርደሪያው ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ አወጣኋት። «አንቺ አስቀምጫት» አሉኝ። መዳፌን ዘርግቼ አስቀመጥኳት፤ ዝም ብላ ተቀመጠች።

«ጠዋት ጠዋት እንዲህ እያደረግሽ እያት» አሉኝ። «ያልቆመችልሽ ቀን እንዳትደነግጪ። ከአሁኑ እጅሽን ወደ ኋላ ማድረግ ልመጂ።»

ክረምቱ ሲወጣ ዱቦ የሚኖር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፣ ለሐኪም ቤቱም ይቀርባል ተብሎ። አንድ ቅዳሜ ከሰብሳቢው ጋር በሚኒባስ ሄድን። መምህሩ ተኝተዋል፣ እጃቸው ብርድ ልብስ ሥር ነው፣ ድምፃቸው ከስቷል። የምናገረው ጠፋኝና ጨዋታ ጀመርኩላቸው፤ በአፌ። ቀይ ስምንት ወደ ጥቁር ዘጠኝ፣ ሴትዮዋን ወደ ሽማግሌው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቼ ቀይ በቀይ አደረግኩ።

«አለፍሽ» አሉ። «ተመለሺ።»

ተመለስኩ፤ እስከ መጨረሻው አደረስኩት። ካርታዎቹ ሲዘሉም ነገርኳቸው፤ ሰብሳቢው በከዘራቸው ወለሉን ቀስ እያሉ መቱላቸው፣ ለእያንዳንዱ ካርታ አንዴ።

አሮጌው ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አልበራ አለ። ወጣቱ ከፍቶ አየውና መልሶ ከደነው። መምህሩም ሰብሳቢውም አሁን የሉም። ከማውሷ ኳሷን አውጥቼ አስቀረሁ። ዳንቴሉ ዛሬ የሚለብሰው ሌላ ማሽን ነው፤ ትናንት ጠያቂ ያጣው።

ተማሪዎቼ ለምን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደማስተምር አይጠይቁኝም። ኩራት የሚመስላቸው አሉ፤ ይምሰላቸው። ዛሬ ጠዋት ክፍሉን ከፍቼ፣ ዳሞታ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ፣ ኳሷን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ትንሽ ወደ አውራ ጣቴ ተንፏቀቀች። ጠበቅኩ። ቆመች።